ከላቦራቶሪ ወደ ማስታወቂያ

በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ከአርባ ምንጭ ሲቀላ የጻፉልንን የአንዲት እናት ችግር ነው። እኚህ እናት ከዶርዜ ወርደው ከተማ የገቡ፣ እርሳቸው ጥጥ እየፈተሉ ባለቤታቸው እየሸመኑ አራት ልጆች ያሳደጉ ናቸው። የመጀመሪያ ልጃቸው በኬሚስትሪ ተመርቃ በውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ከተቀጠረች አራት ዓመት ሆኗታል። አሁን ግን «ሥራዬን ለቅቄ የማስታወቂያ ሥዕልና ጽሑፍ አዘጋጃለሁ» ማለት ጀምራለች። «ጣቴ እስኪላጥ የፈተልኩት ለዚህ ነው ወይ? የታናናሾቿንስ የትምህርት ወጪ ማን ይችለዋል?» ሲሉ እናት ይጠይቃሉ።

እህታችን፣ ሥጋትዎ ተገቢ ነው። የወር ደመወዝ ለቤተሰብ ምሰሶ ነው፤ በማስታወቂያ ሥራ ጀማሪ የሆነ ሰው ግን አንዱ ወር ቢሞላለት ሌላው ሊጎድልበት ይችላል። ይሁን እንጂ ሙያ መለወጥ ሁሉ የተማሩትን መጣል አይደለም።

የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። ዝንባሌያቸው ወደ ሥነ ጥበብ ስላመዘነ ግን ሥዕል ተምረው ተመለሱ። በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ የሚታየው 150 ካሬ ሜትር የመስተዋት ሥዕል የእርሳቸው ሥራ ነው፤ የፖስታ ቴምብሮችንም ነድፈዋል። ለሁሉም እንዲህ ይቀናዋል ማለታችን አይደለም፤ መንገዱ መኖሩን ለማስታወስ ነው።

ደግሞም የልጅዎ ሳይንስ በማስታወቂያ ሥራ ላይ ይፈለጋል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ አንዳንድ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያስወግድም። «ይህ ማጣሪያ ሁሉንም ያጠራል» የሚል ማስታወቂያ እንድትጽፍ ብትጠየቅ፣ ልጅዎ በቅድሚያ የምርመራውን ውጤት አምጡ ትላለች። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የቀለምና የመስመር ዓይኗስ ከየት መጣ ይላሉ? አባቷ ጥለት ሲጥል እያየች አይደለምን ያደገችው?

ስለሆነም የምንመክረው ይህን ነው። አንደኛ፣ ልጅቷ ሥራዋን ዛሬ አትልቀቅ። ለስድስት ወር ያህል በምሽትና በዕረፍት ቀኗ ለሙዝ ነጋዴ፣ ለጨንቻ ፖም አቅራቢ ወይም ለሰፈር ሱቅ ማስታወቂያ ሠርታ፣ ገንዘብ የሚከፍላት ሰው መኖሩን ታረጋግጥ። ሁለተኛ፣ ደመወዟ ሳይቋረጥ የታናናሾቿን የአንድ ዓመት ወጪ ለብቻ ታስቀምጥ። ሦስተኛ፣ እናት፣ አባትና ልጅ ቡና አፍልታችሁ ተቀመጡና ስድስቱ ወር ሲያልቅ ምን እንደሚደረግ ከወዲሁ ተስማሙ። ሥራው ካልተገኘ እርሷ ላቦራቶሪዋን ትያዝ፤ ከተገኘ ደግሞ እርስዎ መርቀው ይሸኟት።

እህታችን፣ ጣትዎ የተላጠው ልጅዎ ራሷን እንድትችል እንጂ በአንድ ወንበር ላይ እንድትቀር አልነበረም። የፈተሉት ጥጥ ጋቢም ይሆናል፣ ነጠላም ይሆናል፤ ድካሙ ግን ከንቱ አይቀርም።