ዘይት ብቻ የተሸከመው ቤት

በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ላይ መሪ ጨብጣችሁ ጸጉራችሁን ያሸበታችሁ፣ ዛሬ ደግሞ የቀረውን ዕድሜ በተሳቢ ቤት እየተዘዋወራችሁ ለማሳለፍ የቆረጣችሁ እኩዮቼ ሆይ፣ ይህን የምጽፈው ደስታችሁን ልቀማችሁ ብዬ አይደለም። ፊፍዝ ዊል የምንለው፣ በፒክአፕ ካሶኒ ላይ በተተከለ መጋጠሚያ የሚጎተተው ቤት፣ ብዙ ለለፋ ሰው የሚገባ ማረፊያ ነው፤ የብርዱን ወራት በአሪዞና በረሃ፣ የሙቀቱን ወራት በኮሎራዶ ተራሮች ማሳለፍን የመሰለ ጡረታ ወጣት ሳለን ማን ሊያልም ይችል ነበር? ይሁን እንጂ በየሰፈሩ የማየው ቸልታ እንቅልፍ ይነሣኛል። ከነዕቃው ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 9 ቶን የሚመዝነውን ይህን ቤት ደልድለው የሚያቆሙት አራት ወይም ስድስት የሃይድሮሊክ እግሮች ናቸው፤ ማታ ቀጥ ብሎ የቆመው ቤት ጠዋት በአንድ ጎኑ አዘንብሎ ሲገኝ ባለቤቱ ከአልጋው ሳይወርድ ስልኩን ነክቶ ያቃናዋል፣ በማግስቱም ያቃናዋል፣ በሦስተኛው ቀን ነገሩ ልማድ ይሆንና እግሩ ለምን እንደሚሰምጥ የሚጠይቅ ሰው ይጠፋል።

እውነት ነው፣ የሰመጠ እግር ሁሉ የታመመ እግር አይደለም። የሃይድሮሊክ ዘይት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ከመጠኑ 0.7 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በረሃ ላይ ቀትር እሳት፣ ንጋት በረዶ በሆነበት ወቅት የዘይቱ ሙቀት 20 ዲግሪ ቢወርድ፣ 40 ሳንቲሜትር የወጣ እግር ከግማሽ ሳንቲሜትር ትንሽ በለጥ ብሎ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ፀሐይ ሲወጣም ይመለሳል። በዚህ መደንገጥ አያስፈልግም። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ አየሩ ሳይለወጥ የሚሰምጠው፣ የቀሩት ጸንተው ሳለ ሁልጊዜ እሱ ብቻ የሚያጎነብሰው፣ ወርዶም በሙቀት የማይመለሰው እግር ነው።

እንዲህ ሲሆን አብዛኞቻችን የምናደርገውን አውቃለሁ። የዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍተን ዘይት እንጨምራለን፤ ያም እግሮቹ ተዘርግተው ሳለ። እግሮቹን የዘረጋው ዘይት ከማጠራቀሚያው የወጣ ነውና በዚያ ሰዓት ጎድሎ መታየቱ ያለ ነው፤ ትክክለኛው ልክ የሚታወቀው እግሮቹና ተንሸራታች ክፍሎቹ ሁሉ ተሰብስበው ሲገቡ ብቻ ነው። ያለዚያ የጨመርነው ዘይት ለመንገድ ስንነሣና እግሮቹ ሲሰበሰቡ በክዳኑ ሞልቶ ይፈስና ዙሪያውን ሁሉ ያረጥበዋል፤ እውነተኛው ፍሳሽ ከየት እንደነበረ የሚመሰክረው ምልክትም አብሮ ይጠፋል። ከዚህ የባሰውን፣ የፍሬን ዘይት የሚጨምረውንም አይቻለሁ፤ ያ ዘይት ደግሞ ማሸጊያ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ይበላቸዋል። በነዚህ እግሮች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ቀይ ዘይት ነው፤ የፋብሪካው መመሪያ የሚለውን ብቻ አድርጉ። ቀይ መሆኑም በጎ ነው፤ በእግሩ የብረት ዘንግ ዙሪያ የተኛ ቀይ እርጥበት ጎሚኒው መድከሙን ሳይሸሽግ ይናገራል። ዘይቱን እንደ ወተት ነጥቶ ካገኛችሁት ውሃ ገብቶበታል።

ልኩን በወጉ ለክታችሁ ዘይቱ እየጎደለ ከሆነ ወደ ውጭ የሚፈስበት ቦታ አለ፤ ሳይጎድል እግሩ ከሰመጠ ግን ዘይቱ በቫልቩ ሾልኮ ወደ ማጠራቀሚያው እየተመለሰ ነው፣ ወይም በሲሊንደሩ ውስጥ በፒስተኑ ጎሚኒ በኩል እያለፈ ነው። ይህን ለመለየት ጥበብ አያስፈልግም፤ እግሮቹ ሁሉ ተሰብስበው ግፊቱ ከወጣ በኋላ የታመመውን እግር ቫልቭ ከደህናው ጋር ማለዋወጥ ነው። ሕመሙ ቫልቩን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የቫልቩ ነው፣ አንዳንዴም መቀመጫው ላይ ያረፈች ቅንጣት ቆሻሻ ብቻ ናት፤ በዚያው እግር ከቀረ ሲሊንደሩን ተጠራጠሩ። ፓምፑ አቃስቶ የቆመ እንደሆነ ደግሞ ፓምፕ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ባትሪውን ለኩ። አርፎ የቆየ ባለ 12 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪ ሲሞላ 12.6 ያህል ያሳያል፣ ወደ 12 ከወረደ ግማሹ አልቋል፣ ሞተሩም ብዙ አምፔር የሚስብ ነውና በደከመ ባትሪና በዛገ የኔጌቲቭ መስመር ቶኖችን አያነሣም።

ይህ ሁሉ በገንዘብ የሚካስ ጥፋት ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከቤቱ ሥር የሚገባው ሰው ነው። ጆሴፍ ብራማ በ1795 ለሃይድሮሊክ መጭመቂያው የፈጠራ መብት ሲቀበል ፈተናው ጉልበት ማግኘቱ አልነበረም፣ ያገኘውን ጉልበት ሳያፈስ የሚይዝ ማሸጊያ ማግኘቱ ነበር፤ ዛሬም ነገሩ ያው ነው፣ ቶኖችን ያነሣው ዘይት የሚታመነው ያቺ ቀጭን ጎሚኒ እስከጸናች ድረስ ብቻ ነው፤ ስትበጠስም ሁልጊዜ አስቀድማ አታስጠነቅቅም። ክሪክ ያነሣው መኪና ወርዶ ሰው ሲቀር በወጣትነቴ አይቻለሁ፤ ከላይ የነበረው ሁሉ ጮኸ እንጂ ማንም ምንም ሊያደርግ አልቻለም፣ ጩኸቱም ከብረቱ ዘግይቶ ነበር የደረሰው። ዛሬ በነዚሁ እግሮች ጎማውን ከመሬት አንሥቶ ቸርኬ የሚፈታውን ሰው ሳይ ያ ቀን ይመለስብኛል። እግሮቹ የተሠሩት የቆመን ቤት ለመደልደል ነው፤ ጎማው ከመሬት ከተነሣ ታኮውም ፍሬኑም ሥራ ያጣሉ፣ ቤቱም በቀጫጭን ዘንጎች ላይ ተንጠልጥሎ ለአንድ ግፊት ይተርፋል። ፍሳሽ ፍለጋ በባዶ እጁ ቱቦውን የሚዳብሰውም ከዚህ አያንስም፤ በመርፌ ቀዳዳ በምታክል ስንጥቅ የሚወጣ የግፊት ዘይት ቆዳን በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፣ መግቢያው ኢምንት ስለሚመስል ሰው ይንቀዋል፣ ሐኪም ቤት ሲደርስ ግን ጣት ወይም እጅ እስከ ማጣት ያደርሳል። ቱቦ የሚፈተሸው በካርቶን ቁራጭ ነው።

ጊዜው አልመሸም፣ ሥራውም ከባድ አይደለም። ለጥ ባለ ጠንካራ መሬት ላይ፣ ተሳቢው ገና ከፒክአፑ ሳይላቀቅ፣ ለጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም ታኮ አግቡ። ሁሉንም እግርና ተንሸራታች ክፍል ሰብስባችሁ ዘይቱን ለኩ፣ ዘንጎቹን በጨርቅ ጥረጉ፣ እግሮቹን በሰፋፊ ጣውላ ላይ ዘርጉ፣ ተሳቢውን ከፒክአፑ አላቅቁ፣ ቤቱንም ደልድሉ። ከዚያ የእያንዳንዱን እግር ቁመት ለክታችሁ ጻፉት፣ በማግስቱም በዚያው ሰዓት፣ አየሩ የትናንቱን በሚመስልበት ጊዜ፣ እንደገና ለኩት። አንዱ ብቻ ወርዶ ከተገኘ ጋራዥ እስኪያየው ድረስ ቁልፉን እየነካችሁ አታቃኑት፤ ከሥር የሚሠራ ሥራ ካለም ሸክሙን የሚችል የብረት ስታንድ በሻንሲው ሥር ይግባ፣ ክብደቱም ስታንዱ ላይ ይረፍ፣ ሰውም ከዚያ በኋላ ይግባ።