ፊደል ያስቸገረው መምህር በልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል

በፎገራ ሜዳ ንባብ ላልሆነለት ሕፃን ምክንያት አይታጣም። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ሩዝ ሲታረምና ሲታጨድ የልጅ ጉልበት ይፈለጋል፤ ከብትም እረኛ ይሻል። ስለዚህ ሦስተኛ ክፍል ደርሶ ፊደል የማይለይ ልጅ ሲገኝ «ከትምህርት ስለሚቀር ነው» ይባላል። ሳይቀር የተማረ ከሆነ ደግሞ «ሰነፍ ነው»። በሁለቱ መልሶች መካከል የመማር እክል የሚባል ነገር ስፍራ አያገኝም።

ከነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ በትጋት አልፈው መምህር ለመሆን ይበቃሉ። ታዲያ የመማር እክል ያለበት ሰው ልዩ ፍላጎት ትምህርትን ሊያስተምር ይገባል ወይ? ጥያቄው ለአገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ከሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የወጡ ማየት የተሳናቸው መምህራን በመደበኛ ትምህርት ቤቶች ማስተማር ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ማየት የተሳነው መምህር ግን በትሩና ብሬይሉ ይታወቃል፤ ንባብ የሚያስቸግረው መምህር የሚታወቅበት ምልክት የለውም። ቢናገር ደግሞ «ሳያነብ እንዴት ተመረቀ?» መባልን ስለሚፈራ ይደብቃል።

ሕጉ በሩን አልዘጋም። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ትርጓሜው የአካልን ጉዳት ብቻ ሳይሆን የአእምሮንና የስሜት ሕዋሳትንም ይነካል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትም በአንቀጽ 24 አካል ጉዳተኛ መምህራን እንዲቀጠሩ ያዛል። ሆኖም አንቀጹ ስለ ቅጥር ሲናገር በስም የሚጠራው ብሬይልንና የምልክት ቋንቋን ነው። ንባብ የሚከብደው መምህር በዚያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ራሱን ፈልጎ አያገኝም።

ጉዳዩ ግን የመብት ብቻ አይደለም፤ የሙያም ነው። የአማርኛ ፊደል 33 ሆሄያት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ቅርጾች ይሆናሉ። «ቡ» እና «ቢ» የሚለዩት ቅጥያዋ በወገብ ወይም በእግር በመቀጠሏ ነው፤ ሳድሱ ደግሞ ወጥ ሥርዓት የለውም። መጥበቅና መላላትም አይጻፍም፤ «አለ» ሲጠብቅ መኖርን፣ ሲላላ መናገርን ያመለክታል። ለቅልጥፍና አንባቢ ይህ ሁሉ የተረሳ ድካም ነው። ቅጥያዋን በጣቱ እየዳሰሰ የለየ ሰው ግን ሕፃኑ የሚሰናከለው የት ላይ እንደሆነ ያውቃል፤ መሳሳትንም ከስንፍና አይቆጥረውም። እርግጥ ነው፣ ለአንዱ የበጀ ዘዴ ለሌላው ላይበጅ ይችላል። የራስ ልምድ ሥልጠናን አይተካም፤ ልምዱን ለሁሉ መድኃኒት የሚያደርግ መምህር እክሉን ከማያውቀው ያላነሰ ሊያሳስት ይችላል።

ጠንካራው ተቃውሞ ከሰሌዳው ይመጣል፤ መምህሩ የጻፈውን ስሕተት ሕፃናቱ ቢቀዱትስ? ስጋቱ ተገቢ ነው። «ሐሳብ» እና «ሃሳብ» ብለው የሚለያዩ ሊቃውንት አሉና ሞክሼ ሆሄያትን መለዋወጥ ማንንም ከሙያው አያባርር ይሆናል፤ የ«ቡ» እና የ«ቢ» መለዋወጥ ግን ሕፃን ያሳስታል። ይሁን እንጂ መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም፦ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ በባልደረባ የታረመ የፊደል ገበታ፣ ሁለት መምህራን ተጣምረው የሚያስተምሩበት ክፍለ ጊዜ፣ ለጽሑፍ ሪፖርት የሚሰጥ ተጨማሪ ጊዜ። ማየት ለተሳነው መምህር የሚያነብለት ሰው ሲመደብ ደረጃ ዝቅ አለ የሚል የለም።

አስቸጋሪው መነሻው ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣውና በ2004 ዓ.ም. የተከለሰው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ በዋናነት የሚያስበው ተማሪውን ነው። የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች እጩዎችን ሲቀበሉ የንባብ እክልን በምሥጢር የሚጠይቁበት፣ ተለይቶም ሲገኝ ለማሰናበት ሳይሆን ለማገዝ የሚሠሩበት አሠራር ሊኖራቸው ይገባል። ያ እስኪሆን ወረታ ላይ የሚመደብ እንዲህ ያለ መምህር ሌሊቱን የነገውን ትምህርት በቃሉ እያጠና ያድራል፤ በክፍሉ የተቀመጠው እንደ እርሱ ያለ ሕፃንም መምህሩ ማን እንደሆነ አያውቅም።