የደን ልክ በሄክታር ብቻ አይታወቅም

ስለ ከፋ ደን መግለጫ የሚጽፍ ሹም ሁሉ አስቀድሞ የሚያሰፍረው የሄክታሩን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ካልቀነሰ ደኑ ደኅና ነው ተብሎ መዝገቡ ይዘጋል። በእኔ አስተያየት ግን ይህ ልማድ ብዙ ጥፋት ይሸፍናል።

አገራችን በ2007 ዓ.ም. በወሰነችው ትርጓሜ መሠረት፣ ከግማሽ ሄክታር የማያንስ፣ ዛፉ 2 ሜትር የደረሰና ጥላው ከመሬቱ 20 በመቶውን የሚሸፍን ቦታ ደን ይባላል። እንግዲህ 90 በመቶ የነበረ ጥላ ወደ 30 ቢወርድ፣ በመዝገብ ላይ አንድ ሄክታር እንኳ አይጎድልም ማለት ነው።

ሳተላይት ይነግረናል የሚል ቢኖር፣ የሚነግረን በከፊል ነው። ሳተላይቱ ቅጠል የሚውጠውን ቀይ ብርሃንና መልሶ የሚልከውን ለዓይን የማይታይ ብርሃን አመዛዝኖ ልምላሜን ያሰላል። ሊቃውንት የቅጠል ስፋት ልክ የሚሉት፣ ከአንድ ካሬ ሜትር መሬት በላይ ያለው ቅጠል ሁሉ ቢነጠፍ የሚሸፍነውን ስፋት ነው። ቅጠሉ በብዙ እጥፍ ሲደራረብ ግን የልምላሜው ቁጥር ከዚያ ወዲያ እምብዛም አያድግም፤ ከሥር የተመነጠረውንም በሚገባ አይለይም።

በቦንጋ ዙሪያ ደግሞ አንዱ ትልቅ ጉዳት ከሥር ነው። ለቡናው ሲባል ቁጥቋጦው ሲመነጠር፣ ራሱ የበቀለው የቀረሮና የዋንዛ ችግኝ አብሮ ይቆረጣል። ትልልቁ ዛፍ ቆሞ ሳለ ከላይ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ እርሱ በእርጅና ሲወድቅ ግን ተተኪ የለውም። ምሰሶውን ምስጥ የበላው ቤት ጣራው ቢያምር ምን ይጠቅማል? ጥላው ከጠፋ የዱር ቡናውም፣ ኮረሪማውም፣ ማሩም ይጠፋል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። በየቀበሌው ቋሚ ምልክት ያላቸው ቦታዎች ይመረጡ። ለካው በእኩል ርቀት 100 ጊዜ እየቆመ፣ በቱንቢ በተስተካከለ የቀርከሃ ቱቦ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይመልከት፤ ቅጠል ያየበትን ቁጥር ይጻፍ። 70 ጊዜ ቅጠል ካየ ጥላው 70 በመቶ ነው። በዚያው ቦታ የዛፍ ችግኞችን ይቍጠር። ቅጠል የሚያረግፍ ዛፍ እንዳያሳስተው ልኬታው በየዓመቱ በአንድ ወር ይደረግ። ቈጣሪዎቹም በአሳታፊ የደን አስተዳደር የተደራጁት ገበሬዎች ቢሆኑ ይሻላል፤ የቈጠሩትን ይጠብቃሉና።

ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. ከፋን በዓለም የባዮስፌር መዝገብ የጻፈው ለስፋቱ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም በውስጡ ስላለው የዱር ቡና ዘር ነው። ስለዚህ ገበሬው ቡናውን ያልማ፤ ነገር ግን የነገው ጥላ የሚሆን ችግኝ ይተርፍለት ዘንድ፣ ሹማምንት ከሄክታሩ አጠገብ ጥላውንና ችግኙንም በመግለጫቸው ይጻፉ።