የኔሞ አሻንጉሊት ምን አጠፋች?

ስለ ምርጫ ዘገባና ስለ ፕሬስ ሕግ በሚጻፍበት ቡለቲን ላይ ስለ አንዲት የፕላስቲክ ዓሣ ልጽፍ መነሣቴ ሊያስቃችሁ ይችላል። ሳቁ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡኝ። ይህቺ አውራ ጣት የምታህል አሻንጉሊት ከምንማረው ሙያ ጋር ቀጥተኛ ጉዳይ አላት። ያለ በቂ ማስረጃ ተከሳለች፤ ክሱን አገር ለአገር ያዞሩት ደግሞ የእኛው የሙያ ሰዎች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካው ፒክሳር «ፋይንዲንግ ኔሞ» የተሰኘውን የአኒሜሽን ፊልም አወጣ። ታሪኩ ልጁን ፍለጋ ውቅያኖስ ስለሚያቋርጥ አባት ዓሣ ነው። ልጁ ኔሞ በአውስትራሊያ ግሬት ባሪየር ሪፍ በጠላቂ ተይዞ ሲድኒ ውስጥ በአንድ የጥርስ ሐኪም ክፍል የመስታወት ገንዳ ውስጥ ይገባል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2004 በምርጥ አኒሜሽን ዘርፍ ኦስካር አገኘ። አሻንጉሊቶቹም አብረው ገበያ ወጡ፤ ከማክዶናልድስ የልጆች ምግብ ጋር ሳይቀር ታደሉ። ዓይነታቸው ብዙ ስለሆነ ልጅ አንዱን ሲያገኝ የቀረውን ያለቅሳል፤ ስብስቡን ካላሟላሁ እንቅልፍ አይወስደኝም የሚል አዋቂም አይጠፋም።

አንዷን እኔም አውቃታለሁ። የዶርም ጓደኛዬ አሜሪካ ያለች አክስቱ ከላከችለት ዕቃ መሐል የወጣች ናት፤ ጠረጴዛው ላይ ትቀመጣለች። መልኳ ብርቱካናማ ነው፤ ዳሩ በጥቁር የተከበበ ሦስት ነጭ ቀበቶ አላት፤ ልክ እንደ ፊልሙ የቀኝ ክንፏ ከግራው ያንሳል። ምን አለፋችሁ፣ ክፉ የማታስብ ትመስላለች።

ክሱ ግን ከባድ ነው። ልጆች ፊልሙን ካዩና አሻንጉሊቷን ከያዙ በኋላ እውነተኛውን ዓሣ ግዙልን እያሉ ወላጆቻቸውን አስጨነቁ፣ ነጋዴዎችም ክላውንፊሽ የሚባለውን ዓሣ ከሪፉ እየለቀሙ ባሕሩን ባዶ አደረጉት ተባለ። «የኔሞ ውጤት» የሚል ስም ወጣለት። እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለተኛው ፊልም «ፋይንዲንግ ዶሪ» ሲወጣ ደግሞ ዶሪ ለተሣለችበት ሰማያዊ ዓሣ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ በየጋዜጣው ተጻፈ። የሰማ ላልሰማ አሰማ።

ለመሆኑ ማን ቆጠረ? እ.ኤ.አ. በ2017 ሚሊትዝና ፎል የተባሉ ተመራማሪዎች «የኔሞ ውጤት» የተባለውን ነገር መርምረው ሲያበቁ፣ ወሬው የተስፋፋውን ያህል ማስረጃው ጠንካራ እንዳልሆነ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ዲዮጎ ቬሪሲሞ የተመራ ጥናት የዶሪን ጉዳይ አየ። ፊልሙ በወጣ ሰሞን ሰዎች ስለ ዓሣው በኢንተርኔት መፈለጋቸው ጨምሯል። ወደ አሜሪካ የሚገባው ዓሣ ግን በፊልሙ ምክንያት ጨመረ የሚያሰኝ ማስረጃ አልተገኘም። ሰዉ ጠየቀ፣ አየ፣ ወደ ሥራው ሄደ ማለት ነው። በዚያ ላይ ክላውንፊሽ በሰው እጅ በገንዳ ውስጥ ሊራባ የሚችል ዓሣ ስለሆነ፣ ሱቅ ውስጥ የተሸጠው ሁሉ ከባሕር የተለቀመ ነው ማለት አይቻልም።

እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱብኝ። የጌጥ ዓሣ ንግድ ንጹሕ ነው አላልኩም። በፊሊፒንስና በኢንዶኔዥያ ዓሣን በሳያናይድ መርዝ አደንዝዞ የመያዝ ክፉ ልማድ እንደነበረ የታወቀ ነው፤ ሪፉንም ይጎዳል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ንግዱ ጉዳት አለው ማለትና ጉዳቱን ያመጣችው አሻንጉሊቷ ናት ማለት ለየቅል ናቸው። ሁለተኛው የራሱ ማስረጃ ይፈልጋል።

ታዲያ ወሬው ለምን እንዲህ ሮጠ? እንደኔ አስተያየት ስለሚጣፍጥ ነው። ዓሣን ነጻ አውጡ የሚል ፊልም ዓሣን አሳሰረ! ከዚህ የተሻለ ምጸት ከየት ይመጣል? ልጅ አለበት፣ እንስሳ አለበት፣ ትልቅ ኩባንያ አለበት። ርዕሱ ራሱን በራሱ ይጽፋል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ቀዳ፣ የተቀዳውን ሦስተኛው ምንጭ አደረገው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ይሁን፣ ወሬው ውሸት ቢሆንስ? ዓሣውን ከጠበቀ ምን ቸገረህ?» ይሉኛል። ይቸግረኛል እንጂ! ጥፋተኛው አሻንጉሊት የያዘ ሕፃን ነው ብሎ ያመነ አንባቢ ሌላ ጥፋተኛ አይፈልግም። እውነተኛው አደጋ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ክላውንፊሽ የሚኖረው አኔሞን ከሚባል፣ አበባ ከሚመስል ተናዳፊ የባሕር እንስሳ ጋር ነው። ያለሱ መጠለያ የለውም። ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉም አኔሞኑም በውስጣቸው የሚኖሩትን ጥቃቅን አልጌዎች አጥተው ይነጣሉ፤ ሙቀቱ ከቆየም ይሞታሉ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የአሜሪካ የውቅያኖስና ከባቢ አየር አስተዳደር፣ ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ለአራተኛ ጊዜ መከሰቱን አረጋግጧል። ሩቅ አገር ነው እንዳትሉ። በጎረቤታችን ቀይ ባሕር የኔሞ ዘመድ የሆነ፣ ሁለት ነጭ ቀበቶ ያለው ክላውንፊሽ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2023 በደረሰው የባሕር ሙቀት፣ በሳዑዲ ዓረቢያ ጠረፍ በተጠኑ ሪፎች ላይ ከአሥሩ ክላውንፊሽ ከዘጠኝ በላይ ማለቃቸውን እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ከእኛ መሐል ስንቶቻችን ይህን ዜና ሰማን? የአሻንጉሊቷን ክስ ግን ዶርም ውስጥ ሁሉ ያውቀዋል።

ፊልም ሠሪ መፍጠር ይፈቀድለታል። በእውነተኛው ክላውንፊሽ ዘንድ ሴቷ ስትሞት ወንዱ ጾታውን ለውጦ እንስት ይሆናል፤ የኔሞ አባት ግን እናቲቱ ከሞተች በኋላም አባት እንደሆነ ይቀጥላል። ማንም አይከሰውም፤ ተረት ነዋ! አሻንጉሊትም አሻንጉሊት ነው። ዜና ግን እንዲህ ዓይነት ፈቃድ የለውም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በዜና አጻጻፍ ትምህርታችን «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት» የሚለውን እንሸመድዳለን። መምህራኖቻችን «ማን ቆጠረው? ከምን ጋር አነጻጸረው?» የሚለውንም ቢጨምሩልን፣ እኛም ለዚህ ቡለቲን ጽሑፍ ስናስገባ «ጨመረ» ወይም «ቀነሰ» ባልን ቁጥር ለአዘጋጆቹ ምንጩን አብረን ብንሰጥ መልካም ነው። ወሬ ሲነግሩህ ሀሳብ ጨምርበት ብለውናል አባቶቻችን። ይህ ለማንም ሰው የተሰጠ ምክር ነው፤ ለጋዜጠኛ ግን ግዴታ ነው።

ቸር ያሰማን።