ደሴቱን ከላይ ብቻ አይተን አንፍረድ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና የተጓዘ ሰው፣ በእርሻው መካከል እዚህም እዚያም ክብ ሠርተው የቆሙ ጥቅጥቅ ያሉ ዛፎችን ሳያይ አያልፍም። ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ለማወቅ ጉልላቱን መፈለግ አያሻውም፤ ዛፎቹ ራሳቸው ይነግሩታል። ይህንኑ ሥፍራ ከአየር ላይ በተነሣ ፎቶግራፍ ያየነው እንደሆነ ፍጹም ደሴት ይመስላል። የበቆሎው፣ የጤፉና የዳጉሳው ማሳ በዙሪያው እንደ ባሕር ተዘርግቷል፤ የደኑ ጠርዝም የባሕሩ ዳርቻ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሻው አንድ ነገር ነው። ከአየር የተነሣ ፎቶግራፍ የደኑን ወሰን ያሳየናል እንጂ የደኑን ሕይወት አያሳየንም። ሕይወቱን ለማወቅ በእግር ሄዶ፣ ከዳርቻው ቆሞ፣ ፎቶግራፍ ማንሣት ያስፈልጋል። ይህም ሥራ በቅድሚያ የሚመለከተው በአካባቢው የሚገኙ መምህራንንና ተማሪዎችን ነው።

ይህን ስል የአየር ፎቶግራፍን ጥቅም ማሳነሴ አይደለም። የምዕራብ ጎጃምን የደን ታሪክ በአኃዝ እንድናውቅ ካደረጉን ነገሮች ዋነኛው እርሱ ነው። ገጠ ዘለቀና ሃንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1982 ከአየር የተነሡ ፎቶግራፎችን መሠረት አድርገው የደምበጫን አካባቢ መርምረዋል። በ1957 ከመሬቱ 27 በመቶ ያህሉን ይሸፍን የነበረው የተፈጥሮ ደን በ1982 ወደ 2 በመቶ፣ በ1995 ደግሞ ወደ 0.3 በመቶ ወርዷል። የእርሻው መሬት በአንጻሩ ከ39 በመቶ ተነሥቶ 77 በመቶ ደርሷል። ከዚህ በኋላ አገር በቀሉ ዛፍ በብዛት መጠለያ ያገኘው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ መሆኑ አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ ያው ፎቶግራፍ ሊያዘናጋን ይችላል። በደቡብ ጎንደር የሚገኙ የቤተ ክርስቲያን ደኖችን በሚመለከት፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ጣሊያኖች ከአየር ያነሡት ፎቶግራፍ ከቅርብ ጊዜ የሳተላይት ምስል ጋር ተነጻጽሮ ነበር። የደኖቹ ስፋት በአመዛኙ ብዙ ሳይለወጥ መቆየቱ ተረጋግጧል። ይህ የሚያስደስት ነው። ሆኖም ቀድሞ በደኑና በእርሻው መካከል የነበረው ቁጥቋጦ ጠፍቶ ማሳው ከደኑ ግርጌ ደርሷል፤ በብዙ ሥፍራም ዳርቻው በባሕር ዛፍ ተተክቷል። ከላይ ለሚመለከት ዓይን ባሕር ዛፉም አረንጓዴ ነው፤ ወይራውም አረንጓዴ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ግን በቅጠሉ ጣሪያ ሥር ያለው ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባጠናቀቁት ጥናታቸው፣ በቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ ከብት የሚገባባቸውንና የታጠሩ ቦታዎችን አነጻጽረዋል። ልቅ ግጦሽ ባለበት የዘሩ መብቀልም ሆነ የበቀለው ችግኝ መትረፍ እጅግ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። እንግዲህ አንጋፋዎቹ ዛፎች ቆመው ሳለ ልጆቻቸው ካላደጉ፣ ደኑ ከአየር ሲታይ ሙሉ ሆኖ ሳለ ከሥሩ እያረጀ ነው ማለት ነው። ይህን ጉድለት ከአየር የተነሣ ፎቶግራፍ የሚነግረን ዛፎቹ ከወደቁ በኋላ ነው።

ከምድር ላይ የሚነሣ ፎቶግራፍ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ትግራይ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡ ሰዎች ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ተመራማሪዎች ከ140 ዓመታት በኋላ ይዘው፣ በዚያው ሥፍራ ቆመው እንደገና አንሥተዋል። በብዙ ቦታዎች የዛሬው ዛፍና ቁጥቋጦ ከያኔው በልጦ ተገኝቷል። «አገሩ ሁሉ ከዓመት ዓመት እየተራቆተ ብቻ ነው» የሚለው አባባል በማስረጃ ሊታረም የቻለው፣ አንድ ሰው አስቀድሞ ከመሬት ላይ ፎቶግራፍ አንሥቶ ስለነበረ ነው።

«ታዲያ ድሮን እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ይኖራል። ድሮን ፈቃድ ይጠይቃል። ከዚህም በላይ በዛሬው ጊዜ በሰማይ ላይ የሚሰማ የድሮን ድምፅ በገጠሩ ሕዝብ ላይ የሚያሳድረው ስጋት ቀላል አይደለም። ለወሰኑ ጉዳይ በነጻ የሚገኘው የሳተላይት ምስል ይበቃናል። የጎደለን የምድሩ ምስል ነው፤ ለዚያም የእጅ ስልክ ይበቃል።

ስለዚህ በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ሰላሙ በሚፈቅድበት ሥፍራ ሁሉ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ የሚገኙ ትምህርት ቤቶች በየአቅራቢያቸው አንድ ደብር ይምረጡ፤ የደብሩን ካህናትና ሰበካ ጉባኤውን ያስፈቅዱ። በደኑ ዳርቻ በአራቱም ማዕዘን ቋሚ ድንጋይ ያኑሩ። በየዓመቱ በመጋቢት ወር፣ ሰብሉ ተሰብስቦ ወሰኑ ጎልቶ በሚታይበት ጊዜ፣ ከዚያው ድንጋይ ላይ ወደዚያው አቅጣጫ ያንሡ። በየግማሽ ሜትሩ ምልክት የተደረገበት ዘንግ በፎቶግራፉ ውስጥ ይቁም፤ ቀኑና አቅጣጫው ይጻፍ። ከድንጋዩ አጠገብ አምስት ሜትር በአምስት ሜትር በሆነ ቦታ ላይም በራሳቸው የበቀሉ ችግኞች ይቆጠሩ። ፋኩልቲያችንም መዝገቡን ተቀብሎ ያስቀምጥ።

ውጤቱ መደርደሪያ ላይ የሚቀር አይሆንም። በአማራ ክልል በርካታ ደብሮች ምእመናን ከማሳቸው በለቀሙት ድንጋይ ደናቸውን በካብ አጥረዋል፤ ማሳው ከድንጋይ ጸድቷል፣ ከብቱም ከችግኙ ርቋል። ካቡ ሠርቶ እንደሆነ የሚነግረን፣ ከመታጠሩ በፊትና በኋላ ከዳርቻው የተነሣ ፎቶግራፍ ነው። አባቶቻችን ደሴቶቹን ጠብቀው እስከ ዛሬ አድርሰውልናል። የእኛ ድርሻ በውስጣቸው ችግኝ መኖሩን ጎንበስ ብሎ ማየት ነው።