ሐዲዱ ጁባ ሳይደርስ

የደቡብ ሱዳኗ ጁባ ምድር ባቡር የላትም። በምዕራብ ዳርቻዋ ያለችው ጉዴሌ ግን ያለ ባቡር አድጋለች። ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት ወዲህ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከስደትና ከመፈናቀል የተመለሰው ሕዝብ ጭቃና ቆርቆሮ እያቆመ ሰፋፊ መንደሮችን ቆርቁሯል። «ሰው ለማስፈር መኪና መንገድ ይበቃል» ባዮች እንግዲህ ማስረጃቸው ደጃቸው ላይ ነው። ከኡጋንዳ ድንበር ከኒሙሌ እስከ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር መንገድም በ2012 አስፋልት ለበሰ። በዚያው ዓመት የኬንያ፣ የኢትዮጵያና የደቡብ ሱዳን መሪዎች በኬንያዋ የጠረፍ ከተማ ላሙ ላይ ተገናኝተው ወደብ፣ የነዳጅ ቧንቧ፣ አውራ ጎዳናና ባቡር ያካተተውን የላፕሴት ዕቅድ አስጀመሩ። ባቡሩ ጁባ አልደረሰም። መዘግየቱ ብዙዎችን ያስቆጫል፤ እኔ ግን ጁባ ያገኘችው ዕድል አድርጌ አየዋለሁ። ከተማን የሚወልደው ጣቢያው እንጂ ሐዲዱ አይደለም፤ የጣቢያውን መሬት ጉዳይ ለማጥራት ደግሞ አመቺው ጊዜ ሐዲዱ ከመድረሱ በፊት ነው።

ድሬዳዋን እንመልከት። አጼ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሲሰጡ ለመስመሩ የታሰበችው ሐረር ነበረች። ተራራውን መውጣት ግን ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆነና ሐዲዱ በ1902 ከግርጌ፣ ድሬዳዋ ላይ ቆመ። ኩባንያው ገንዘብ አጠረው፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት የባቡሩ ጭነት ወደ ግመልና ወደ በቅሎ ይዛወር ነበር። ጭነት ባለበት ተሸካሚ፣ ደላላ፣ መጋዘን፣ ምግብ ቤት አለ። የከተማዋ አንዱ ክፍል ከዚራ ቀጥ ባሉ ጎዳናዎቿ በምድር ባቡሩ ዙሪያ ስትታነጽ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለችው መጋላ በነጋዴው ጉልበት አደገች። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩና አርመኑ የተሰባሰበው ባቡሩ ስላለፈ ሳይሆን ስለቆመ ነው። የእንፋሎት ባቡር ያለ ውሃ አይሄድምና በመንገዱ ላይም ደጋግሞ መቆም ግድ ነበረበት። ዛሬ ያ ግድ የለም። በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ውሃ አይጠማውም። አሮጌው ለገሃር መሃል አዲስ አበባ ሲሆን የአዲሱ መስመር ጣቢያ ፉሪ ለቡ ከከተማዋ ዳር ነው። እንግዲህ ጣቢያና ከተማ በራሳቸው ተፈላልገው ይገናኛሉ ብሎ መቀመጥ አይቻልም፤ የሚያገናኛቸው ዕቅድ ነው።

«ባቡር ጠፍ መሬት ያለማል» የሚለው ክርክር ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። ጠፍ የተባለው መሬት ባለቤት አለው። የጅቡቲው መስመር የተዘረጋው በኢሳ አርብቶ አደሮች ግጦሽ ላይ ነበር። ደቡብ ሱዳንም ይህን በደም ታውቀዋለች፦ ከባባኑሳ ተነሥቶ በ1962 ዋው የደረሰው መስመር በሁለተኛው የእርስ በርስ ጦርነት የመንግሥት ጦር ስንቅ መመላለሻ ሆነ፤ ባቡሩን አጅበው የሚሄዱ ታጣቂዎች በአዌል አካባቢ የዲንካ መንደሮችን አቃጠሉ፣ ከብት ነዱ፣ ሴቶችንና ሕፃናትን ወሰዱ። ሰው ከሐዲዱ ሸሸ። ስለዚህ ሐዲድ ሰፋሪ እንደሚያመጣ ሁሉ ነዋሪም ያባርራል፤ የትኛውን እንደሚያደርግ የሚወስነው በመሬቱና በባቡሩ ላይ የሚያዝዘው ማን እንደሆነ ነው።

«ጦርነትና ጎርፍ ያደቀቀው አገር የመሬት መዝገብ ምን ያደርግለታል? መጀመሪያ ባቡሩ ይምጣ» የሚሉም አሉ። ችግሩን አላቃልልም። ነገር ግን የጣቢያው ቦታ የታወቀ ዕለት የመሬት ዋጋ ይንራል፤ ወረቀት የሌለው ነዋሪ ደግሞ ጠመንጃ ወይም ገንዘብ ካለው ጋር አይከራከርም። የአገሪቱ የ2009 የመሬት ሕግ የማኅበረሰብን ይዞታ ያውቃል፣ የጁባ ዙሪያም የባሪዎች ነባር ምድር ነው። ሕጉ አለ ማለት ነው። የቀረው ጣቢያው፣ መጋዘኑና ገበያው የሚያርፉበትን ሥፍራ ከባሪ ሽማግሌዎችና ከጉዴሌ ዓይነት ሰፈሮች ነዋሪዎች ጋር ተነጋግሮ መከለልና የእያንዳንዱን ይዞታ መመዝገብ ነው። ይህ ለጁባ ነዋሪ ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ በከተማዋ ሆቴልና ሱቅ ከፍተው በኪራይ መሬት ላይ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያንም የሚያድሩት በዚያው ባልጠራ ይዞታ ላይ ነው።