ክዳን ሁሉ እሽግ አይደለም

ባለፈው ወር ከዳንግላ ሦስት ሴቶች እንጅባራ ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር። አሥራ አንድ ሆነው ተደራጅተው በሶና የልጆች ምጥን ዱቄት የሚያዘጋጁ ናቸው። አንዷን አውቃታለሁ፤ የመጀመሪያ ልጇን ያዋለድኳት እኔ ነኝ። ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልጠበቁም። «ሲስተር፣ ማሽን ልንገዛ ነው» አሉና ስልካቸውን አወጡ። በቪዲዮው ላይ ክብ ክብ የወረቀት ጣሳዎች በሰልፍ ይጓዛሉ። አንዱ ማሽን አፋቸውን ያሽጋል፣ ሁለተኛው ክዳን ይደፋባቸዋል፣ ሦስተኛው ዙሪያቸውን ሌብል ይጠቀልላል። ማየቱ ደስ ይላል። ዋጋው ግን የሦስት ዓመት ቁጠባቸውን ጠራርጎ ወስዶ የቀረውን በብድር የሚያስሞላ ነው።

ነርስ ስለ ማሽን ምን ታውቃለች የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ ስለ ሞተሩ አላውቅም። የታሸገ ነገር ስከፍት፣ እሽጉን ስመረምር፣ የተጻፈበትን ቀን ስፈልግ ግን ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። ምክራቸውን የጠየቁኝም በዚያ ምክንያት ይመስለኛል።

መጀመሪያ አንድ ታሪክ ነገርኳቸው። በአንድ ጤና ጣቢያ ስሠራ የስምንት ወር ልጅ በተቅማጥ ደክሞ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ መጣ። እናቱ የዱቄት ወተት ከሱቅ በማንኪያ እያስሰፈረች ነበር የምትገዛው። ሙሉውን ጣሳ መግዛት አቅሟ አይፈቅድም። ባለሱቁ አንዱን ጣሳ ከፍቶ ለሳምንታት ይሸጥበታል፤ ማንኪያው አንዳንዴ እርጥብ ነው፣ እጁም ያው ነው። ወተቱ ጥሩ እንዳልነበር ስነግራት «ጣሳው እኮ ክዳን አለው» አለችኝ። ልጁ በኦአርኤስና በዚንክ ዳነ። የእሷ ቃል ግን አብሮኝ ቀረ። ብዙዎቻችን ክዳን ስናይ የታሸገ ይመስለናል።

የወረቀት ጣሳ ሁለት አፍ አለው። ፕሪንግልስ የሚባለውን የድንች ጥብስ የገዛችሁ ታውቁታላችሁ። ላይኛው የፕላስቲክ ክዳን በጣት ይነሳል፤ ከሥሩ ደግሞ ጠርዙ ላይ የተጣበቀ ስስ ፎይል አለ። ያን ጣሳ የሠራው አሜሪካዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ ባወር በ2008 እ.ኤ.አ. ሲሞት፣ በኑዛዜው መሠረት ከአመዱ ከፊሉ በዚያው ጣሳ ተቀብሯል። ሰው በሥራው ይህን ያህል ሊኮራ ይችላል! ወደ ጉዳያችን ስመለስ፣ ዱቄቱን ከፋብሪካ እስከ ቤት ከአየርና ከእርጥበት የሚጠብቀው ፎይሉ ነው። ፕላስቲኩ ክዳን ሥራ የሚጀምረው ፎይሉ ከተቀደደ በኋላ ነው፤ ያውም ለጥቂት ሳምንት።

ይህን ከተስማማን የማሽኑ ምርጫ ግማሹ ያልቃል። ክዳን የሚደፋውን ማሽን መጀመሪያ ሰረዝነው። የፕላስቲክ ክዳን በመዳፍ ጫን ሲሉት ቀጭ ብሎ ይገባል። «በሳምንት ስንት ጣሳ ትሸጣላችሁ?» ስል ጠየቅሁ። ሁለት መቶ ገደማ ነው። ቪዲዮው ላይ ያለው ማሽን በደቂቃ ሠላሳ ይሠራል ተብሏል። እንግዲህ የሳምንት ሥራቸውን በሰባት ደቂቃ ጨርሶ ቀሪውን ቀን ሊተኛ ነው። በዚያ ላይ በስሪ ፌዝ መብራትና በኮምፕሬሰር የሚሠራ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ ይቆማል፤ ቢበላሽ ደግሞ ዕቃውም ባለሙያውም ከሩቅ ይመጣል።

ገንዘቡ መፍሰስ ያለበት ማሸጊያው ላይ ነው። ለእነሱ መጠን በእጅ የሚጫን፣ እንደ ካውያ የሚግል ማሽን ይበቃል። በነጠላ ፌዝ ይሠራል። ፎይሉን ጠርዙ ላይ አስቀምጦ፣ በተወሰነ ሙቀት፣ ለተወሰነ ሰከንድ መጫን ነው። ሙቀቱንና ሰዓቱን በቁጥር የሚያሳይና የሚቆጣጠር መሆን አለበት። በግምት የሚሞቅ ከሆነ አንዱን ያቃጥላል፣ ሌላውን ሳያጣብቅ ያልፋል። ኢንዳክሽን የሚሉት ሌላ ዓይነትም አለ። ራሱ አይግልም፤ በማግኔት ኃይል ፎይሉን ብቻ ያሞቃል። ለፕላስቲክና ለብርጭቆ ማሰሮ ጎበዝ ነው። የወረቀት ጣሳ ግን ብዙ ጊዜ ውስጡም በአልሙኒየም የተለበጠ ስለሆነ ሙቀቱ ወደዚያም ሊሄድ ይችላል። በራስ ጣሳ ሳይሞከር አይገዛም።

ሻጮች የማይነግሩት ነገር ደግሞ አለ። ፎይሉ ከሥሩ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን አለው፤ የሚጣበቀው እሱ ነው። ያ ሽፋን ከጣሳው ጠርዝ ጋር ካልተዛመደ የፈለገውን ያህል ቢሞቅ አይዝም። ስለዚህ ጣሳውን ከአንዱ፣ ፎይሉን ከሌላው፣ ማሽኑን ከሦስተኛ ነጋዴ በርካሽ እየለቀሙ መግዛት ኪሳራ ነው። የጣሳው ስፋትም እንዲሁ። ማሽኑ የሚይዘው በስፋቱ ልክ ነው፤ 73 ሚሊ ሜትርና 99 ሚሊ ሜትር የተለመዱ ናቸው። ሴቶቹ ለግማሽ ኪሎ ጠባብ፣ ለአንድ ኪሎ ሰፊ ሊያደርጉ አስበው ነበር። አንድ ስፋት መርጣችሁ ቁመቱን ብቻ ለውጡ አልኳቸው። ያኔ አንድ ማሽን፣ አንድ ፎይል፣ አንድ ክዳን ለሁለቱም ይሆናል። የጣሳው የታችኛው ቆርቆሮ ጠርዝም ቀድሞ የታጠፈ ይምጣ፤ የማጠፊያው ማሽን ሌላ ዕዳ ነው። ባዶ ጣሳ መጫን አየር እንደመጫን መሆኑም መታሰብ አለበት። አንድ አይሱዙ ሞልቶ ክብደቱ ምንም ነው፤ ኪራዩ ግን ያው ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልናገር። ለቤት ፍጆታ የሚሸጥ በሶ የወረቀት ጣሳ አያስፈልገውም፤ ደህና የታሸገ ከረጢት ይበቃዋል። ጣሳው ዋጋውን የሚያወጣው ለስጦታ፣ ለሱፐርማርኬትና ውጭ አገር ላለ ዘመድ በሻንጣ ለሚላከው ነው። በዚህ ጉዳይ ከሴቶቹ ጋር አልተስማማንም። እነሱ ጣሳ ያለው ክብር ይበልጣል ባይ ናቸው። ፋፋ እኮ ልጆቻችንን ያሳደገው በፌስታል ታሽጎ ነው ብላቸው «ያ ድሮ ነው፣ ሲስተር» አሉኝ።

አገራችን ደግሞ ለእሽግ ምቹ አይደለችም። የአገው ምድር ክረምት ረጅም ነው። አንድ ዓመት በምሠራበት ጤና ጣቢያ ግምጃ ቤት እርጥበት ገብቶ የሁለት ዕቃ ሌብል ተላቅቆ ወለሉ ላይ ወድቆ አገኘን። ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው። የትኛው የቱ እንደሆነ ማንም ሊምል አልቻለም። ሁሉንም ቀብረን ለአንድ ወር ያለ መድኃኒት ተቀመጥን። ስለዚህ ሌብሉ ከተራ ወረቀት ይልቅ ውሃ የማያልፈው ፕላስቲክ ነክ ቢሆን፣ ሙጫውም በብርድ ተፈትኖ ቢገዛ እላለሁ። ለሁለት መቶ ጣሳ ደግሞ የሌብል ማሽን አያስፈልግም። አናጢ ሁለት ጣውላ አጋጥሞ ጣሳው የሚተኛበት ቦይ ከሠራላቸው ሌብሉ ሳይንጋደድ በእጅ ይጠቀለላል።

መንገዱም አለ። ዳንግላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ እንጅባራ ደግሞ ከ2,500። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ዕቃ በደጀን በኩል ዓባይ በረሃ ወርዶ እንደገና ይወጣል። ከፍታ ላይ የታሸገ ጣሳ ውስጡ ያለው አየር ስስ ነው። ቆላ ሲወርድ የውጪው አየር ፎይሉን ወደ ውስጥ ይጫነዋል፤ ሲወጣ መልሶ ይነፋል። በደንብ የተጣበቀ እሽግ ይህን ይችለዋል። በአንድ ጥግ ብቻ የላላ ከሆነ ግን በዚያች ቀዳዳ እየተነፈሰ እርጥበት ያስገባል። አዲስ አበባ ሲደርስ ክዳኑም ሌብሉም እንዳማረ ነው፤ ውስጡ ግን ተንኮል ጀምሯል።

እሽግ የገባውን ጠብቆ ያቆያል እንጂ የተበላሸውን አያድንም። ትኩስ ዱቄት ከታሸገ እንፋሎቱ ከፎይሉ ሥር ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ሻጋታ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በሶው ተቆልቶ ተፈጭቶ፣ ተሰጥቶ፣ ፈጽሞ በርዶ ነው የሚገባው። ምጥኑ ውስጥ ለውዝና በቆሎ ካለ ደግሞ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመርት ይችላል። ይህ መርዝ በማብሰል አይጠፋም፤ ጉበት ይጎዳል። እናት ገንፎውን ምንም ያህል ብታንተከትከው አያድናትም። እህሉ መድረቁን ለማወቅ ደረቅ ጨውና ጥቂት እህል በደረቅ ጠርሙስ ጨምራችሁ ነቅንቁና ለሩብ ሰዓት ያህል ተዉት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው።

ሌብሉ ላይ ስለሚጻፈው ብዙ ተከራከርን። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ስላለ ነገሩ እንደ ፍላጎት አይደለም፤ ከማሳተማቸው በፊት ተቆጣጣሪው ቢሮ ረቂቁን እንዲያይላቸው መክሬያለሁ። የምርቱ ስም፣ ከብዙው ወደ ጥቂቱ የተዘረዘረ ይዘቱ፣ የተጣራ ክብደት፣ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የባች ቁጥር፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን ይግባ። ለውዝ ካለ በግልጽ ይጻፍ፤ የማይስማማው ልጅ አለ። ባች ቁጥር ምን ያደርግልናል አሉኝ። አንድ ቀን አንዲት እናት ጣሳ ይዛ ብትመጣ፣ የዚያን ቀን ምርት ብቻ ለይታችሁ ትሰበስባላችሁ፤ ያለዚያ ሁሉንም ትደፋላችሁ።

ቀኑ ላይ በተለይ ጠንከር ብያለሁ። በእኛ አቆጣጠር 2018 የሚባለው በፈረንጆቹ 2025 እና 2026 ነው። ጣሳው ላይ 2018 ብቻ ተጽፎ ከሆነ አንዱ ገና ነው ይላል፣ ሌላው ከዓመታት በፊት ያለፈበት ነው ብሎ ይጥለዋል። በመድኃኒት ላይ ይህ ሲያወዛግብ አይቻለሁ። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለው አብሮ ይጻፍ፤ ወሩም በቁጥር ሳይሆን በስሙ። ማህተሙ ደግሞ ፎይሉ ላይ ሳይሆን ሌብሉ ላይ በተተወ ነጭ ቦታ ይመታ። ፎይል ላይ ቀለም በጣት ይጠፋል።

የመጨረሻው ሥዕሉ ነበር። ያሠሩት ናሙና ላይ ጉንጩ የሞላ፣ ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ይስቃል። በጣም ያምራል። አውጡት አልኳቸው፣ ተከፉ። ማንበብ የማትችል እናት የምታነበው ሥዕሉን ነው። የሁለት ወር ልጅ አይታ ለሁለት ወር ልጇ ትሰጣለች። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ እያልን ስንት ዓመት ለፍተናል። የዓለም ጤና ጉባኤም በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ የዱቄት ወተት ጣሳ ላይ የሕፃን ሥዕል እንዳይኖር ያለው በከንቱ አይደለም። ምጥን ወተት ባይሆንም እናቲቱ ያው ናት። በመጨረሻ ቁጭ ብሎ በማንኪያ የሚበላ ልጅና «ከ6 ወር በላይ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተስማሙ። አንዷ ጽሑፉ በአውንጊም ይሁን አለች፤ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ የራሳቸውን ዱቄት ይዘው ባሕር ዳር ማሽን ሻጭ ዘንድ ሄዱ። በእጅ በሚጫነው ማሽን ሦስት ጣሳ አሳሽገው አመጡልኝ። ሦስቱንም ገልብጬ ነጭ ወረቀት ላይ አቆምኳቸው። በሰባተኛው ቀን ሁለቱ ንጹሕ ነበሩ። በሦስተኛው ሥር ግን ቀጭን የዱቄት ክብ ወረቀቱ ላይ ታየ።

ወዲያው ያዋለድኳት ልጅ ጋ ደወልኩ።

«ጠርዙን ሳታሽጉ ጠርጋችሁታል?»

«አዎ ሲስተር፣ ጠርጌዋለሁ።»

«በምን?»

ትንሽ ዝም አለች። «በመዳፌ» አለችኝና ሳቀች። «እሺ በቃ፣ ዛሬ ገበያ ስወጣ ደረቅ ብሩሽ እገዛለሁ።»